የኮራል እርሾ

አዲስ አበባ ባደግኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ቡፌ አለ። ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። የመስታወት በሩ ሲዘጋ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ያንጫጫል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች አሉ። መካከለኛው ላይ የእናትና አባቴ የሰርግ ፎቶ። ከፎቶው አጠገብ አንድ ነጭ ነገር። ቅርንጫፍ አለው፣ ግን ተክል አይደለም። እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ግን መላ አካሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አባቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሳለ ወደቡ አካባቢ ከሚሸጡ ልጆች ገዝቶ ያመጣው ነው። ቤታችን ውስጥ ስሙ "የባሕር ድንጋይ" ነው። እናቴ በየቅዳሜው በአባቴ አሮጌ የጺም ብሩሽ አቧራውን ትጠርግለታለች። እኛ ልጆቹ መንካት አይፈቀድልንም ነበር።

ድንጋይ አለመሆኑን ያወቅኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ጥግ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም አለ። ዓይኔ ከዓሣዎቹ አልፎ ከሥራቸው ያለ ሐምራዊ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። የቡፌያችን ድንጋይ! ግን ቀለም ለብሷል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ጸጉር የመሰለ ነገር ይወዛወዛል። እንግዳ ተቀባይዋን "ይሄ ምን ዓይነት ተክል ነው?" አልኳት። "ተክል አይደለም፣ እንስሳ ነው" አለችኝ፣ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል። የዚያን ቀን ጥርሴ ምን እንደተደረገ አላስታውስም።

ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ 75 ጋሎን፣ ማለትም 280 ሊትር ገደማ የሚሆን ባሕር አለኝ። ዓሣዎቹ አምስት ናቸው፤ እነሱ ቤቱን ለማድመቅ ነው። የቤቱ ባለቤቶች ድንጋያማዎቹ ኮራሎች ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ብዙዎቹ ኮራሎች ከምስር ፍሬ የማይበልጡ፣ አፍ ያላቸው እንስሳት ስብስብ ናቸው። አንዱ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ከሥራቸው የጋራ አጥንት እየሠሩ ይኖራሉ። አጥንቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሥጋው አጥንቱ ላይ የተዘረጋ ስስ ቆዳ ብቻ ነው። በዚያ ቆዳ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ። ብርሃን ሲያገኙ ስኳር ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ለአከራያቸው ይከፍላሉ። ኮራሉ የሚኖረው በዋናነት በዚህ ኪራይ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ወይም ነገር ሲበላሽበት ተከራዮቹን ያስወጣል። ያኔ ቆዳው እንደ መስታወት ይሆንና ከሥሩ ያለው ነጭ አጥንት ይታያል። ቆይቶ ቆዳውም ይላጣል። ነጭ ኮራል ወይ በጠና የታመመ ነው ወይ የሞተ። ይህቺን ያዙልኝ።

አባቴ ስለ ምፅዋ ሲያወራ ሙቀቱንና ቤቶቹን ሳያነሳ አያልፍም ነበር። "ግድግዳው ራሱ ከባሕር የወጣ ነው" ይላል። የመርከበኛ ወሬ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ኖሯል፤ የድሮው ምፅዋ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አነበብኩ። ሄምፕሪክ እና ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ደርሰው ነበር። ሄምፕሪክ እዚያው በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ አገሩ ገብቶ የቀይ ባሕርን ኮራሎች በየዘራቸው ሲመድብ፣ እ.ኤ.አ. በ1834 አንዱን ቅርንጫፋም ኮራል በጓደኛው ስም ጠራው። ዛሬ አክሮፖራ ሄምፕሪኪ ይባላል። ሐውልት ማለት ይሄ ነው፤ ያድጋል።

ባሕር የለንም እያልን እንቆጫለን እንጂ፣ ኮራልስ አለን። ቀይ ባሕር ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደናክል ድረስ ገብቶ ነበር። ሲሸሽ ሪፉን፣ ኮራሎቹ በአጥንታቸው የገነቡትን የባሕር ውስጥ ግንብ፣ ትቶት ሄደ። ድንጋይ ሆኖ እስከዛሬ በረሃው ጠርዝ ላይ አለ፣ በአሞሌ ጫኞች አገር።

ወደ ቤዝመንቱ ልመለስ። መጀመሪያ የገዛኋቸው ሦስት ቁራጮች በሁለት ወር ውስጥ አለቁ። ገዳዩ እኔ ነኝ። እጄ አያርፍም ነበር። ዛሬ መብራቱን ከፍ፣ ነገ ሞገዱን ዝቅ፣ ከነገ ወዲያ ቦታቸውን ወዲህ ወዲያ። አንድ ቁጥር ከፍ ካለ በአንድ ሌሊት ላወርደው እሯሯጣለሁ። ኮራል ከጥሩ ውሃ ይልቅ የትናንቱን ውሃ ይወዳል። ይሄን ለመማር ሦስት ነፍስ አጠፋሁ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ጨዋማነት በሺህ 35። ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ ማግኒዚየም 1300 አካባቢ። ከሁሉም በላይ ግን አልካላይኒቲ የሚባለው ነው፤ እኔ 8 ላይ ነው የማቆየው። ካልሲየሙ ድንጋይ ቢሆን ይሄኛው ሲሚንቶው ነው። ኮራል በየቀኑ ሁለቱንም ከውሃው እየመጠጠ አጥንቱን ይገነባል። ባሕር ሰፊ ነው፣ አይጎድልበትም። 280 ሊትር ግን ይጎድልበታል። የእኔ ኮራሎች ሲያድጉ በቀን አንድ ሙሉ ነጥብ አልካላይኒቲ ይጨርሱ ጀመር። የተወሰደውን ያህል በየቀኑ መመለስ የግድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ውድ ፈሳሽ በጠርሙስ ይሸጣል። እኔ ግን ቤቴ ነው የምሠራው። ለካልሲየሙ፣ መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ካልሲየም ክሎራይድ፣ ንጹሑ ዓይነት። ለአልካላይኒቲው ተራ ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ሶዳውን ትሪ ላይ ዘርግተህ 150 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለአንድ ሰዓት ብትጋግረው ወደ ሶዳ አሽ ይለወጣል። ያኔ የሚበጠበጠው ፈሳሽ እጥፍ ይጠነክራል። ይህቺንም ያዙልኝ፤ ጣጣ ያመጣችብኝ እሷ ናት። ኖራ በውሃ በጥብጠው በጠብታ የሚሰጡም አሉ። ለእናቴ በስልክ ይሄን ስነግራት "ዓሣ ልታረባ ነው ወይስ ግድግዳ ልትቀባ?" አለችኝ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። መቁረጥ።

እሁድ ጠዋት፣ ቤቱ ገና ሳይነሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጥፋለሁ። አንድ ሳህን ከገንዳው የተቀዳ ውሃ፣ አንድ ሳህን ደግሞ አዮዲን ጠብ የተደረገበት። የአጥንት መቁረጫ፣ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ጄል የሆነው ሱፐር ግሉ። ራሳቸው ሰፊ፣ እግራቸው ቀጭን፣ ምስማር የሚመስሉ ትንንሽ የሴራሚክ መቀመጫዎች። ጓንትና መነጽር።

ስታይሎፎራዬን ከውሃ አወጣታለሁ። ስታይሎፎራ ቅርንጫፎቿ ድፍን ጣት የሚመስሉ ኮራል ናት፤ ቀይ ባሕር ውስጥም አለች፣ የመረጥኳትም ለዚያ ነው። አየር ሲነካት ፖሊፖቿ በአንዴ ይሸሸጋሉ። አሁን ለስላሳ የነበረው ሁሉ ሻካራ ይሆናል። ከዚያ ንፍጥ ትተፋለች፣ እንደ ተልባ የሚለጠጥ። ሽታው ባሕር ዳርቻ፣ ማለዳ ላይ ነው። ቅርንጫፉን በሁለት ጣት ይዤ መቁረጫውን እጨብጣለሁ። ቆሎ ጥርስ ሥር ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ይሰማል። የተቆረጠበትን ቦታ ሳየው መሐሉ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ክር የምታህል አረንጓዴ መስመር። በሕይወት ያለችው ያቺ መስመር ብቻ ናት። የቀረው አጥንት ነው።

የቁራጩን ግርጌ በወረቀት አደርቃለሁ፣ ሙጫ፣ መቀመጫ፣ እስከ አሥር እቆጥርና ወደ ውሃ። እኛ ይሄን ቁራጭ ፍራግ እንለዋለን። በማግስቱ ፖሊፖቿ ብቅ ብቅ ይላሉ። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥጋዋ ሙጫውን ተሻግሮ ሴራሚኩ ላይ እንደ ፈሰሰ ሰም ይዘረጋል። ያኔ ነው "ያዘች" የምለው። እናትየዋም አትጎዳም። ቁስሏ ይደፈናል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጣት ከተቆረጠበት ሁለት ይበቅላል።

ቀርፋፋ የሚባሉትን፣ ድንጋይ የሚያህሉትን ኮራሎች በጣም አሳንሶ መቁረጥ ደግሞ ዕድገታቸውን ያፈጥነዋል። ይሄ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ "ሞት" (Mote) በሚባለው የባሕር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ዴቪድ ቮን የሚባል ሰው፣ ኮራል ሲያነሳ ገንዳው ወለል ላይ የተሰበረ ትንሽ ቁራጭ ይቀርበታል። የሞተ መስሎት ተወው። በኋላ ሲያየው ቁራጩ ቁስሉን ለመድፈን ሲጣደፍ በአንዴ አድጎ አገኘው። ከአንድ እናት የተቆረጡ ቁራጮች ተጠጋግተው ሲተከሉ ደግሞ ይተዋወቃሉ። ሲገናኙ አይጣሉም፣ አንድ ቆዳ ይሆናሉ። የተለያየ ዘር ከሆኑ ሌሊቱን ሲናደፉ ያድራሉ።

ይሄ ነገር ገበያም አለው፣ ያውም ያበደ ገበያ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ የሚያብረቀርቅ ስም ይወጣላትና በመቶዎች ዶላር ትሸጣለች። ሻጮቹ በሚያሳዩበት ሰማያዊ መብራት ሥር የእኔም ጥርስ ያበራል፣ ማን ይገዛዋል? ከባሕር የተነቀለም አልገዛም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ሽያጭ ወደ ውጭ ስትዘጋ ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔ ደስ ነው ያለኝ፤ ያን ሰሞን ሁሉም እርስ በርሱ መቆራረስ ለመደ። ከሌላ ሰው የመጣ ቁራጭ ስታስገባ ግን በማጠቢያ ፈሳሽ እጠበው። አንዴ ሳላጥብ ያስገባሁት አክሮፖራ ሥጋ በል ጠፍጣፋ ትል ይዞብኝ መጣ። ማጠቢያው ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን አይገድልም። ስድስት ሳምንት ስደጋግም ከረምኩ።

እኔ እሸጥ የነበረው ጥቂት ነው። የሚበዛውን በነጻ እሰጣለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሮክቪል አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የቬትናም ሰው ከስታይሎፎራዋ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ሰጠኋቸው። በካርቶን ቡና ኩባያ ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ ረሳሁት።

ዘንድሮ ጥር ላይ የእህቴ ሰርግ ነበር። ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ፈሳሹን በየሰዓቱ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ትንሽ ፓምፕ አለኝ። በቀን 80 ሚሊ ሊትር ቤኪንግ ሶዳ ይሰጣል። ዕቃው ደግሞ አንድ ሊትር ብቻ ነው የሚይዝ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ አያደርስም። ስለዚህ ብልጥ ሆንኩ። የተጋገረውን፣ እጥፍ የሚጠነክረውን ሠራሁ። በቀን 40 ይበቃዋል፣ አንዱ ሊትር ለሦስት ሳምንት ይተርፋል። ሞላሁት፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ፓምፑን ወደ 40 ማውረዴን ረሳሁት።

የመልሱ ማግስት ነው። ሳሎን ተቀምጬ ራሴን እያመመኝ ቡና እየጠበቅኩ ነበር። ከታናሽ ወንድሜ መልእክት መጣ። ቤቱን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። "ብሮ ኮራሎችህ ነጭ አበባ አወጡ! ሲያምሩ!" ከሥሩ ፎቶ።

ስልኩን አየሁ። ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ ቡፌው አለ።

ወንድሜን ምን ልበለው? እኔም እኮ በእሱ ዓይን ነው ያደግኩት። ፓምፑን ንቀል አልኩት። በስልክ እየመራሁት ውሃውን ለካው፤ አልካላይኒቲው 14 ደርሷል። አዘጋጅቼ ከተውኩት የጨው ውሃ 60 ሊትር ቀየረ። ከዚያ በላይ አትንካ አልኩት። ቶሎ ማውረድ የቀሩትንም ይጨርሳል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ሞቱ። ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ወፍራሞቹ ተረፉ። ስታይሎፎራዋ፣ ጥቅል ጎመን አክላ የነበረችው፣ ከግርጌዋ ጀምሮ በሦስት ቀን ተላጠች።

እናቴ የፊቴን መለወጥ አይታ ማን ሞተ አለችኝ። ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። ስኒዋን አስቀመጠችና "ቆይ፣ እየቆረጥክ ለሰው እሰጣለሁ ስትል አልነበረም?" አለች።

"አዎ፣ እሰጣለሁ።"

"ታዲያ ሄደህ መልሰህ ውሰዳ! እርሾ አይደለም እንዴ?"

ከዚያ የእትዬ ዘነበችን ታሪክ አወራችኝ። ወደዚህ ቤት ስንገባ እርሾው መንገድ ላይ ተደፍቶባት፣ ከወራት በፊት እናቴ ራሷ እርሾ የሰጠቻት እትዬ ዘነበች ዘንድ በጣሳ መልሳ ተቀበለች። "የራሴው ነው የመጣልኝ። ግን እንጀራው የእሷ እንጀራ ጣዕም ነበረው። ትንሽ ጊዜ ወሰደ፣ የእኔ እስኪሆን።" እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ኮራል ለሰው ሳስረዳ፣ ፍራግ ምን እንደሆነ በአንድ ቃል የነገረኝ አልነበረም።

ልመለስ ስል ነጩን ኮራል ከቡፌው አውጥታ "ይሄን ውሰደው፣ የምታውቅበት አንተ ነህ" አለችኝ። አልችልም አልኳት። ድንጋያማ ኮራል የሞተውም ቢሆን ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ አለበት። በአባቴ ማስታወሻ ኤርፖርት ላይ መዋረድ አልፈለግኩም። ወደ ቦታው መለሰችው።

ሜሪላንድ እንደገባሁ ለቬትናሙ ሽማግሌ ደወልኩ። "አለች ወይ?" ስላቸው "ነይ ብላት የምትመጣ አይመስለኝም፣ አንተ ና" አሉኝ። ቤታቸው የዓሣ ሾርባ ይሸታል። ገንዳቸው ከእኔ ያነሰ፣ መብራታቸው ከእኔ የደከመ ነው። ጥግ ላይ ስታይሎፎራዬ አለች፣ ሁለት እጅ አቅፎ የማይጨርሳት ሆና። እኔ ዘንድ አረንጓዴ የነበረችው እሳቸው ቤት ቡኒ ሆናለች። ብርሃን ሲያንስ፣ ውሃው ውስጥ ምግብ ሲበዛ፣ ቡናማዎቹ ተከራዮች ይበዛሉ። ዘሯ ያው ነው፤ እጅ ነው የለያት። ሽማግሌው ብዙ አላወሩም። "በየትኛው በኩል?" አሉና መዳፍ የሚሞላ ቆርጠው ሰጡኝ። የሰጠኋቸው የጣት ጫፍ ነበር። ያመጣኋትም በቡና ኩባያ ነው።

ፍሎሪዳ ያሉትም በትልቁ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ማናቲ ቤይ የተባለ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ያለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ አነበበ። የገላ መታጠቢያ ሙቀት ነው። ባሕር ውስጥ ኮራል የሚያባዙት ሰዎች ሪፉ ነጭ ሳይሆንባቸው ቁራጮቻቸውን እየነቀሉ በጀልባና በመኪና ወደ የብስ ገንዳ አሸሹ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱ ይፋ ሆነ። ያን ሰሞን ዜናውን የሰማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ያንተ ዓሣ ቤት ሪፉን ያድናል ማለት ነው?" አለኝ። አያድንም። አንድ ገንዳ ማለት አንድ ጣሳ እርሾ ነው፤ ሊጡ ግን ያለው ባሕሩ ዘንድ ነው።

ቁራጯን ሦስት ቦታ ቆርጬ ለጠፍኳት። ሁለቷ ይዘዋል። አንዷን ቀንድ አውጣ ገለበጣት፣ መልሼ ለጥፌያታለሁ። ፓምፑ ላይ በማርከር "40" ተብሎ ተጽፏል፣ በትልቁ።

ባለፈው እሁድ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። "እስቲ እርሾዋን አሳየኝ" አለች። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠጋሁላት።

"ቡኒ ናት እኮ!"

"ቡኒ ጥሩ ነው እማዬ። ተከራዮቿ ገብተዋል ማለት ነው። ቆይቶ አረንጓዴ ትሆናለች።"

ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ፣ የሳሎኑ ጣሪያ ታየኝ፣ ቀጥሎ ቡፌው። ነጩን አውጥታ ካሜራው ፊት አመጣችው። የጺም ብሩሹ በሌላው እጇ ነው።

"ይሄስ ቡኒ ነበር?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

"አባትህ ንጣቱን አይቶ ነው የገዛው። ደመወዙ ያኔ ስንት ነበረችና።"

እኔም ምንም አላልኩም። አገላብጣ አየችው። አንድ ቅርንጫፍ ሥር የቀረች አቧራ ነበረች፣ በብሩሹ ጫፍ አወጣቻት። ከዚያ ስልኩን ሶፋው ላይ ጣል አደረገችውና ጣሪያው ብቻ ታየኝ። የቡፌው በር ሲዘጋ ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ሰማሁ።